የውሸት ስፌት

አባቴ የሚሸጠው ጋቢ መሀሉ ላይ የውሸት ስፌት አለው።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ደንበኞቼን ልታባርርብኝ ነው?» አለኝ። መጨረሻ ላይ «ስሜን ካልጠራህ ጻፈው» አለ። ስለዚህ ስሙን አልጠራም። በልጅነቱ ከጨንቻ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ እንጦጦ ሥር ሽሮሜዳ ጉድጓድ ቆፍሮ መሸመን ከጀመረ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው መሆኑ ይበቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የጉድጓድ ሽመና ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የጨርቁ ወርድ ሁለት እጆቹ ተመቻችተው ከሚደርሱበት ሊያልፍ አይችልም። ጋቢ ደግሞ ሰፊ ነው። መፍትሔው በረጅሙ ሸምኖ፣ ቆርጦ፣ ጎን ለጎን ገጥሞ መሀሉ ላይ መስፋት ነው። ቤታችሁ ያለውን ጋቢ ዘርግታችሁ እዩት። ያ ስፌት ጌጥ አይደለም፤ የሰው ክንድ የሚያልቅበት ቦታ ነው።

ባለፈው ዓመት እኔና አባቴ ከአንድ አናጺና ከአንድ በያጅ ጋር ሆነን ሰፋ ያለ የሽመና ዕቃ ሠራን። በዚህኛው ላይ መወርወሪያው በእጅ አይወረወርም፤ ገመድ ሲሳብ ከዳር እስከ ዳር በእንጨት መሄጃው ላይ ይሮጣል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም። ክሩ ያው ክር፣ የሚረግጠው እግር ያው እግር፣ የሚስበው እጅ ያው እጅ ነው። የመጀመሪያው ሙከራችን መወርወሪያውን አስፈንጥሮ የእናቴን ሬዲዮ ሰበረ። ሦስተኛው ሠራ። አባቴ መሀሉ ያልተሰፋ፣ አንድ ወጥ ጋቢ ሸመነና በኩራት አጣጥፎ ለረጅም ዓመት ደንበኛው ለሆነች ነጋዴ ወሰደላት።

ነጋዴዋ ጋቢውን ዘረጋችው። በጣቷ መሀሉን ዳሰሰች፣ ስፌቱን ፈለገች፣ አጣች። «ይሄማ የፋብሪካ ነው» አለችው። በገዛ እጁ እንደሠራው ነገራት። «እኔ አምንሃለሁ፤ የምትገዛኝ ሴትዮ ግን አታምነኝም» ብላ መለሰችለት።

ማታ ቤት ገባና እናቴን መርፌና ክር ጠየቃት። ደህናውን ጋቢ መሀል ለመሀል አጠፈና ከላይ እስከ ታች ሰፋው። በማግስቱ ያቺው ነጋዴ ገዛችው። ከዚያ ወዲህ የሚሸምናቸውን ሰፋፊ ጋቢዎች በሙሉ እንዲሁ እየሰፋ ነው የሚሸጠው።

* * *

ጠቤ ከነጋዴዋ ጋር አይደለም። እሷ የገበያዋን ልብ ታውቃለች። ጠቤ ያንን ገበያ ከፈጠረው አስተሳሰብ ጋር ነው፤ «ሽመናችን ለዘመናት ሳይለወጥ የቆየ ነው፣ ውበቱም እሱ ነው» ከሚለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም አይታችሁታል። ኢንስታግራም ላይ ከሀበሻ ቀሚስ ፎቶ ሥር አለ። ቲክቶክ ላይ ከኋላ ዋሽንት እየተነፋ የአንድ ሸማኔ እጅ ብቻ በሚታይበት ቪዲዮ ላይ አለ። የፋሽን ትርዒት መክፈቻ ንግግር ውስጥም አይጠፋም። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ እውነት የሆነበት ቦታ ሲገኝ ደግሞ የሚያኮራ ሳይሆን የሚያሳፍር ነው።

ከውሸቱ ልጀምር። በአያቴ ጊዜ ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ድሩም ማጉም የሴቶች እጅ ሥራ ነበር። ዛሬ አባቴ የሚያደራው ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የሚገባው ማጉ ላይ ነው፣ እሱም ለጋቢና ለአንዳንድ ልብስ ብቻ። የጥለቱ ባለቀለም ክሮች ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ያ የሚያብረቀርቀው ሳባ ክር ከየትኛውም የጋሞ ማሳ አልተለቀመም። ደግሞ ይሄ የትናንት ነገር አይደለም። በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አቡጀዲ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየተጫነ እኛ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። ቆይቶም ድሬዳዋና አቃቂ የጥጥ ፋብሪካዎች ቆሙ። የእኛ ሸማ ከዓለም ተነጥሎ የኖረበት ዘመን ካለ፣ ቢያንስ አያቶቻችን አላዩትም።

ከሽመናው በኋላ ያለውንም ተመልከቱ። ልብስ ሰፊው የሲንጀር ማሽን ላይ ከተቀመጠ ትውልድ አልፏል። በእጅ ይጠለፍ የነበረውን ጥልፍ አሁን የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ይሠራዋል፤ ንድፉ በፍላሽ ይመጣል፣ መርፌዎቹ ራሳቸውን ችለው ይሠራሉ፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ሽያጩ በቴሌግራም ነው። ክፍያው በቴሌብር ነው። ሲብስ ደግሞ ጥበቡ ራሱ ውጭ አገር ፋብሪካ ውስጥ ፖሊስተር ላይ ታትሞ ይመጣና፣ እዚያው ሽሮሜዳ፣ ከእውነተኛው ጎን፣ በርካሽ ይሰቀላል።

እንግዲህ ቁጠሩ። ከሽመናው በፊት ያለው ሥራ ተለውጧል። ከሽመናው በኋላ ያለውም ተለውጧል። ሳይለወጥ የቀረው መሀል ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ሰውየው እግሩን ከቶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ። «ለዘመናት ያልተለወጠ» ብለን የምንዘምርለት ነገር ይሄ ነው።

* * *

እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ ሙያችን የሚያስተምረን የመጀመሪያ ነገር አትገምት፣ ለካ የሚል ነው። ችግሩ አለ ብለህ የጠረጠርክበት ቦታ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለበት ቦታ አይደለም። እኔም ለአንድ ሳምንት እረፍት ወስጄ አባቴ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩና በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። የት ነው ጊዜው የሚሄደው?

መጀመሪያ ድሩ አለ። አዲስ ድር ሲገባ እያንዳንዱ ክር ከአሮጌው ክር ጫፍ ጋር ይቀጠላል። በመቶዎች የሚቆጠር ክር፣ አንድ በአንድ፣ በጣት። ቀጥሎ ሜዳው አለ፤ ነጩ፣ ጥለት የሌለበት ክፍል። እዚያ ላይ አባቴ ይፈጥናል፤ መወርወር፣ መቀበል፣ መምታት። ከዚያ ጥበቡ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ መወርወሪያው ይቆማል። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር ያሾልካል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል። እኔ በያዝኩት ሰዓት አንድ ስንዝር ጥበብ አንድ ክንድ ሜዳ ከሚወስደው በላይ ወሰደ። ቀሚሱን ስትለብሱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፍበት ያ ጥለት፣ የዚህ ሰው ቀን የሚያልቀው እሱ ላይ ነው።

አራተኛውን ነገር ለመለካት አላሰብኩም ነበር። አመሻሽ ላይ እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወገቡን አቅንቶ ለመቆም የሚወስድበት ጊዜ ነው። ሰዓቱን ይዤ ነበር። ከዚያ አጠፋሁት።

አሁን የሚያናድደውን ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ችግሮች መፍትሔ ፍለጋ ላይ ያሉ ችግሮች አይደሉም። ጆን ኬይ የሚባል እንግሊዛዊ በገመድ የሚሮጠውን መወርወሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1733 ነው። ሽሮሜዳ ያለ ሰው ዛሬም በእጁ የሚወረውረው መወርወሪያ መፍትሔ ካገኘ ወደ ሦስት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። ፈረንሳዊው ጃካርድ ድሩን በጣት ከመቁጠር የሚገላግለውን መሣሪያ ያሳየው በ1804 ነው፤ የትኛው ክር ተነስቶ የትኛው እንደሚቀር በተበሳ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ መሣሪያው ካርዱን እያነበበ ክሩን ያነሳል። ከጉድጓዱ ወጥቶ መደገፊያ ያለው መቀመጫ ላይ መቀመጥ ደግሞ ጭራሽ ፈጠራ አይባልም። አዲስ አበባ ውስጥም ከመሬት ከፍ ባለ የሽመና ዕቃ የሚያሠሩ ጥቂት ወርክሾፖች አሉ። ጥቂት ናቸው።

የእኔ ሙያ ሰዎች የጃካርድን ታሪክ እንወደዋለን። የተበሳው ካርድ ቻርልስ ባቤጅ ላሰበው የስሌት ማሽን መነሻ ሆነ፣ ኋላም የኮምፒውተር ዳታ ማስገቢያ ሆኖ ብዙ አገለገለ እያልን በየስልጠናው እናወራለን። የኮምፒውተር አያት ሽመና ነው እንላለን። ጥሩ። አያት ከሆነ ታዲያ የልጅ ልጆቹ ደጁ ሄደው የማያውቁት ለምንድነው?

* * *

ለምን አልተለወጠም? የተለመደው መልስ «ሸማኔው ለውጥ አይወድም» የሚል ነው። አባቴ እኔ ሳላስተምረው ቴሌግራም ላይ የክር ዋጋ የሚያወዳድር ሰው ነው። ለውጥ የማይወድ ሰው የተሰበረ ሬዲዮ አጠገብ ቆሞ «ገመዱን አሳጥረን እንደገና እንሞክር» አይልም።

እኔ የደረስኩበት መልስ ይሄ ነው። መሣሪያ የሚለወጠው የሰው ጉልበት ሲወደድ፣ ወይም የሚሠራበት ሰው ራሱ የመግዛት አቅም ሲኖረው ነው። የእኛ ሸማኔ ሁለቱንም አላገኘም።

አቅም ያለው ሰው መሣሪያውን ሲመርጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኛ ራቅ ያለ ምሳሌ ልውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ኩዊልት የሚባል ሥራ አለ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ በንድፍ ገጣጥመው፣ መሀሉ ላይ ሙሌት አድርገው፣ ደርበው የሚሰፉት የአልጋ ልብስ ነው። እነሱም እንደኛ «የአያቶቻችን ጥበብ» ይሉታል። ግን የሲንጀር ኩባንያ በ1850ዎቹ የልብስ ስፌት ማሽን በየወሩ እየተከፈለ በዱቤ እንዲገዛ ሲያደርግ ማሽኑ ሳሎን ገባ። በ1979 ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ ፒዛ መቁረጫ የሚሽከረከር ስለት ሲያወጣ፣ ኩዊልት ሠሪዎቹ መቀሱን አስቀምጠው ብዙ ድርብ ጨርቅ በአንዴ መቁረጥ ጀመሩ። በ1989 ካረል ብራየር ፋለርት የተባለች ሠሪ ድርቡን በማሽን የሰፋችው ኩዊልት በታላቁ ብሔራዊ ውድድራቸው አንደኛ ሲወጣ ጭቅጭቅ ተነሳ። «በእጅ ያልተሰፋ ኩዊልት ኩዊልት ነው ወይ?» ተባለ። ጭቅጭቁን ያነሱትም የመለሱትም ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የሚያማቸው የገዛ ጣታቸው ነበር፣ ገንዘቡም የኪሳቸው ነበር። በእጅ መስፋት የፈለገ ዛሬም በእጁ ይሰፋል። ማንም ፎቶ አንሺ መጥቶ «አንቺ እንዳትለወጪ» አላላቸውም።

እኛ ጋ ስለ ሸማኔው መሣሪያ የሚከራከረው ሸማኔው አይደለም። ልብሱን የሚለብሰው፣ የሚሸጠው፣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ስለ ቅርስ ንግግር የሚያደርገው ነው። የማንኛቸውም ወገብ አያምም፤ ቢያምም ከሽመና አይደለም።

ስለ ጉልበት ዋጋ ደግሞ በጣም ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ለረጅም ጊዜ በገበያው ላይ ከየትኛውም የተሻለ መሣሪያ የሚረክስ ነገር ነበር፤ ልጅ። ከጋሞ ተራሮች «ትማራለህ» እየተባሉ አዲስ አበባ መጥተው፣ ሌሊትና ቀን ሲያጠነጥኑና ሲሸምኑ ያደጉ ልጆች ታሪክ ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በዘረዘራቸው ሸቀጦች ውስጥ ከኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ አለ። ቡና አይደለም፣ አበባ አይደለም፤ ሸማ ነው። አባቴ ስለ ልጅነቱ ብዙ አያወራም። አንዴ ብቻ «ዕቃው እስከሚበቃኝ እግሬ ሥር ድንጋይ ያደርጉልኝ ነበር» ብሎኛል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ በነጻ እያገኘ ለተሻለ መሣሪያ ማን ገንዘብ ያወጣል? እዚህ ጋ ነው «ለዘመናት ያልተለወጠ» የሚለው ሙገሳ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው። መሣሪያው ያልተለወጠው ልጁ ስለተለዋወጠ ነው።

* * *

የራሴን ጥፋት ሳልናገር ሌላውን ብቻ ብወቅስ ሚዛኑ ይጎድላል።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሞላሁት ፎርም ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ ነበር። «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ሊባል አይችልም፤ ጋቢ ይሸጣል አይደል? አምስት ዓመት ሙሉ ከዶርም ጓደኞቼ አንዳቸውም የሸማኔ ልጅ መሆኔን አላወቁም። ምኒልክ ባለእጆችን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ ከተነሱት ስድቦች አንዱ ለሸማኔ የሚሰጠው «ቁጢት በጣሽ» ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እኔ፣ ላፕቶፕ የያዝኩ የምህንድስና ተማሪ፣ ያንን ስድብ ፈርቼ ፎርም ላይ አባቴን ደበቅኩት።

አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስንመርጥ ድፍረት አገኘሁና ለጉድጓድ ሽመና የሚገጠም፣ ጥበቡን ከመቁጠር የሚያሳርፍ ቀላል መሣሪያ ሐሳብ አቀረብኩ። አማካሪያችን ወረቀቱን አየና «ይሄ እኮ የአናጺ ሥራ ነው፤ ቴክኖሎጂ ነገር አምጡ» አለን። አልተከራከርኩም። ፊት አይቶ የተማሪ አቴንዳንስ የሚመዘግብ ሲስተም ሠራን፣ ኤ አገኘን፤ ሲስተሙ ከመከላከያው ቀን በኋላ አንድም ቀን አልተከፈተም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላም ያው ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሸማኔን ከገዢ በቀጥታ የሚያገናኝ መተግበሪያ ሠርተን ተወዳድረን ነበር። ስላይዳችን ላይ የአባቴ እጅ ፎቶ ነበር፤ ዋሽንት ብቻ ነበር የቀረን። መተግበሪያውን ለአባቴ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ በጥሞና አየና «ጥሩ ነው ልጄ። ትዕዛዙ ሲበዛ ግን ማን ነው የሚሸምነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሽያጩን አፍጥነን ሥራውን ባለበት ስንተወው፣ ያፋጠንነው የአባቴን ወገብ ሕመም ነው። የእኛ ትውልድ «ዲጂታል» ሲል በአብዛኛው ይሄን ነው የሚያደርገው። ስክሪን ያለበት ቦታ ሁሉ ችግር ይታየናል፤ ስክሪን የሌለበት ቦታ ላይ ችግር ሲኖር ቅርስ እንለዋለን።

* * *

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከበድ የሚለውን ልውሰድ፤ «ማሽን ሲገባ ሸማኔው እንጀራውን ያጣል፤ እንግሊዝን አታይም?» የሚለውን።

አያለሁ። የእንግሊዝ የእጅ ሸማኔዎች በኃይል የሚሠራው የሽመና ማሽን ሲስፋፋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተንኮታኩተዋል። የእኛም ፈታይ ሴቶች የፋብሪካ ክር ሲመጣ ድር የመፍተል ገቢያቸውን ሲያጡ ማንም አላለቀሰላቸውም፤ እናቴ እንዝርቷን የሰቀለችው ደክሟት ሳይሆን የሚገዛት ጠፍቶ ነው። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም። ግን ሁለቱንም ልብ ብላችሁ ብታዩ የጎዳው መሣሪያው መለወጡ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ መሣሪያ የሌላ ሰው መሆኑ ነው። በገመድ የሚሮጥ መወርወሪያ አባቴ ቤት ውስጥ፣ በአባቴ እግርና እጅ የሚሠራ፣ የአባቴ ንብረት ነው። ፋብሪካው መጥቶ እስኪውጠው እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት ነው እንጀራውን የሚያሳጣው። ፖሊስተሩ እንደሆነ አልጠበቀም፤ መጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዲያ የእጅ ሥራ መሆኑ ይቀራል» የሚል ነው። ለዚህ ሕንድን ጠይቁ። ባናራስ ላይ የሐር ሳሪ የሚሸምኑ ሰዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ከራሳቸው በላይ የጃካርድ መሣሪያ ሰቅለው ይሠራሉ። ጉድጓዱና ካርዱ አንድ ክፍል ውስጥ አሉ። ያንን ሳሪ «የእጅ ሽመና አይደለም» ያለ የለም፤ በውድ ይሸጣል። እዚያም በኃይል የሚሠራ ማሽን የእጅ ሸማኔውን እየተጋፋው ነው፣ ገነት አይደለም። ግን መንግሥታቸው በ1985 አንዳንድ የጨርቅ ዓይነቶች ለእጅ ሸማኔ ብቻ እንዲተዉ ሕግ አውጥቷል። ሸማኔውን ከገበያ መከላከል አንድ ነገር ነው፤ ከተሻለ መሣሪያ መከልከል ሌላ ነገር ነው። እኛ ሁለቱን እናምታታለን፤ የመጀመሪያውን ሳናደርግ ሁለተኛውን እናደርጋለን።

ጋንዲንም አትርሱ። በእጅ ለመፍተል ከሱ በላይ የተሟገተ ሰው የለም፤ ምስሉ ራሱ ከመፍተያው ጋር ነው የሚታወሰው። ይኸው ሰው የመሠረተው የፈታዮች ማኅበር በ1929 የተሻለ መፍተያ ለሚሠራ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ ሽልማት አወጣ። በጊዜው ትልቅ ሀብት ነው። መፍተያው በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ፣ ድሃ ሊገዛው የሚችል መሆን ነበረበት። ጋንዲ የፈታይዋን ክብር እንጂ የመፍተያውን እርጅና አላመለከም።

* * *

እና ምን ይደረግ?

ለምትገዙ። «ማሽን ነክቶታል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማን እንደሸመነው፣ ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ ስንት ደርሶት እንደሆነ፣ ልጅ ሠርቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ነጋዴው መልስ ባይኖረው እንኳን ጥያቄው ሲደጋገም መልስ መፈለግ ይጀምራል፤ ነጋዴ ስፌትን የሚፈልገው እናንተ ስለምትፈልጉት ነው።

ለዲዛይነሮች። አንድ ትርዒት ላይ ለመብራትና ለሞዴል የምታወጡት ገንዘብ አብረዋችሁ ለሚሠሩ ሸማኔዎች መቀመጫ ያለው የሽመና ዕቃ ያሠራል። አሠርታችሁ ግን በስማቸው አድርጉላቸው።

ለአበዳሪዎች። ለትራክተርና ለወተት ማቀነባበሪያ የምትሰጡት የካፒታል ዕቃ ሊዝ የእንጨትና የብረት የሽመና ዕቃን አይጸየፍም። ሲንጀር ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ያወቀው ነገር ነው፤ ድሃ መሣሪያ የማይገዛው ስለማይፈልግ ሳይሆን በአንዴ መክፈል ስለማይችል ነው።

ለእኔ ቢጤ መሐንዲሶች፣ በተለይ አሁን የመመረቂያ ርዕስ ለምትፈልጉ። አንድ ቀን ሽሮሜዳ ሂዱ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ጥበቡን የሚቆጥር፣ መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝ፣ ሰፈር ያለ አናጺ የሚጠግነው ነገር ሥሩ። ቀላል ይመስላል። እኔ ሁለት ዓመት እየሞከርኩ ነው፣ መወርወሪያውን እንጂ ጥበቡን ገና አልቻልኩም። አባቴ ጥለቱን ዛሬም በጣቱ ነው የሚቆጥረው። አማካሪ «የአናጺ ሥራ ነው» ካላችሁ፣ እኔ ያልመለስኩትን መልሱለት፤ ጃካርድም ሥራው እንጨትና ካርቶን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት። የልጅነቱ ጋ ስደርስ ወደ ውጭ አየ። የፎርሙ ጋ ስደርስ ምንም አላለም፤ ቀድሞም ያውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሲያልቅ «አባዬ፣ አሁን ስፌቱን ብትተወውስ? አንድ ሰው መጀመር አለበት» አልኩት።

መርፌው ላይ ክር እያስገባ ነበር። «ስፌቱ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው» አለኝ። «የቤት ኪራዩ ደግሞ ወር ሲሞላ ነው። አንተ ሰዎቹን አሳምንልኝ፤ እኔ እስከዚያው ልስፋ።»